ቀኑ ተማረ፤ ልጁስ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን አንድ ቀላል ነገር ጠየቅኋቸው። በሰሌዳው ላይ 132 እና 78 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ጽፌ «ሁለተኛው የመጀመሪያው ስንት ከመቶ ይሆናል?» አልኳቸው። ክፍሉ ዝም አለ። ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ፣ በሌላው ጊዜ ንቁ የሆነ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፣ እኛ ያንን ምዕራፍ አልደረስንበትም፤ ኮሮና በልቶታል» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልመጣም። ይህ ልጅ በ2012 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ከወራት በኋላ ሲከፈት ስምንተኛ ክፍል ተቀመጠ። በመዝገብ በኩል ምንም ጉድለት አይታይበትም። ያልተማራቸው ቀናት ተሰርዘዋል፤ ክፍሉም ተዛውሯል። ከዚያም አልፎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲ ከደረሱት ጥቂቶች አንዱ ሆኗል። ያልደረሱትን እንግዲህ አንባቢ ይገምታቸው።

በቋንቋችን «ተማረ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። ዕውቀት የቀሰመም ተማረ ይባላል፤ ምሕረት ያገኘም ተማረ ይባላል። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አውሎ ነፋስ ወይም ወረርሽኝ ሲደርስ መንግሥታት ከትምህርት ዘመኑ የጎደሉትን ቀናት በዐዋጅ ይምራሉ። ቀናቱ ተማሩ ማለት ነው። ልጆቹስ ተማሩ ወይ? የዛሬው ጽሑፌ ይህንን ጥያቄ ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ክርክሬ ቀናቱ ምሕረት ማግኘት አልነበረባቸውም የሚል አይደለም። ቤቱ የፈረሰበትን ልጅ «አሥር ቀን ይጎድልሃል» ብሎ መያዝ ጭካኔ ነው። ክርክሬ ምሕረቱ የሚደረገው ለመዝገቡ እንጂ ለልጁ አይደለም፤ ልጁ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው የሚል ነው።

የግዴታ ቀን ከየት መጣ?

የትምህርት ቀናትን በሕግ ቆጥሮ ማስገደድ የቆየ ልማድ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የትምህርት ግዴታ ሕግ ያወጣችው ማሳቹሴትስ ስትሆን ዘመኑም 1852 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ሕጉ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች በዓመት 12 ሳምንት እንዲማሩ፣ ከእነዚህም ውስጥ ስድስቱ ተከታታይ እንዲሆኑ ያዝዛል። በዓመት 12 ሳምንት! የቀረው ጊዜ የእርሻው፣ የፋብሪካውና የቤቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቀስ በቀስ አደገ። በ1869/70 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አማካይ የትምህርት ዘመን 132 ቀን ነበር። የተመዘገበ ተማሪ በአማካይ በክፍል የተገኘው ግን 78 ቀን ብቻ ነበር። ለተማሪዎቼ በሰሌዳው ላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፤ ስድሳ ከመቶ እንኳን አይሞላም። በ1949/50 አማካዩ የትምህርት ዘመን ወደ 178 ቀን ደረሰ። ዛሬ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የተለመደው ቁጥር 180 ነው።

ከ132 እና ከ78 አንድ ቁም ነገር እንማራለን። ትምህርት ቤት የተከፈተበት ቀንና ልጅ የተማረበት ቀን ከመጀመሪያውም አንድ አልነበሩም። መንግሥት ለመቁጠር የሚቀለው የመጀመሪያውን ነው፤ ስለዚህም ሕጉ የቆመው በእርሱ ላይ ሆነ። የክፍለ ግዛቱ የገንዘብ ድጎማም ከቀናት ብዛት ጋር ተቆራኘ። ክፍለ ግዛቱ ገንዘብ ይሰጣል፤ የትምህርት ወረዳው በምላሹ ቀናት ያቀርባል። የግዴታ ቀን በዚህ መልኩ በሁለት ጽሕፈት ቤቶች መካከል የሚደረግ ውል ሆነ።

ተፈጥሮ ደግሞ ውል አታውቅም። በረዶ መንገድ ይዘጋል፤ ወንዝ ይሞላል፤ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ይነቅላል። መጀመሪያ የተገኘው መላ የማካካሻ ቀን ነበር፤ ከዕረፍት ላይ ቀንሶ መማር ወይም የትምህርት ዘመኑን ጥቂት ማራዘም። አደጋው ከማካካሻ በላይ ሲሆን ሁለተኛው መላ መጣ፤ ወረዳው ያመለክታል፣ ክፍለ ግዛቱ የጎደሉትን ቀናት ይምራል፣ ድጎማው ሳይቀነስ ይቀጥላል። ፍትሐዊ አሠራር ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በዚህ ውል ውስጥ ሕፃኑ ተዋዋይ አይደለም። ይቅር የተባለው ወረዳው ለክፍለ ግዛቱ የነበረበት ዕዳ ነው። ሁለቱም ለልጁ ያለባቸው ዕዳ በዚያ ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህም አልተሰረዘም።

ጆፕሊን፦ ቀናቱን ሰርዞ ቀን የቆረጠ ከተማ

ዕዳው እንዳልተሰረዘ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። ግንቦት 22 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት የምትገኘው የጆፕሊን ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምረቃ ሥነ ሥርዓት በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተካሄደ። ተመራቂዎቹና ቤተሰቦቻቸው ወደየቤታቸው ሲበታተኑ በመለኪያው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያለ ቶርኔዶ ከተማይቱን ሰነጠቃት። በቀጥታ የገደለው 158 ሰው ነው። ተማሪዎቹ የተመረቁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈረሰ፤ ሌሎች የከተማይቱ ትምህርት ቤቶችም ወደሙ ወይም ክፉኛ ተጎዱ።

የቀሩት የትምህርት ቀናት ወዲያውኑ ተሰረዙ። ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር? ተማሪዎችና መምህራን ከፍርስራሽ ሥር ገና እየተፈለጉ ነበር። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የጆፕሊን ታሪክ እንደ ማንኛውም የቀን ምሕረት ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን የከተማይቱ የትምህርት ኃላፊዎች በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ተናገሩ፤ ትምህርት ቤት ነሐሴ 17 ቀን በወጉ ይከፈታል አሉ። ከአደጋው እስከዚያ ድረስ 87 ቀን ብቻ ነበር። ብዙ ሰው አላመነም።

ከአደጋው በኋላ ብዙም ሳይቆይ የክረምት ትምህርት ተከፈተ። ነሐሴ 17 ሲደርስ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ወደ ክፍልነት በተለወጠ የሱቅ ቦታ ትምህርት ጀመሩ። አዲሱ የሁለተኛ ደረጃ ሕንፃ እስከሚጠናቀቅ ድረስ፣ ማለትም እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.)፣ በዚያ ተማሩ።

እርግጥ ነው፣ ጆፕሊን ገንዘብ ነበራት፤ መድን ነበራት፤ ከፌዴራል መንግሥትም ከሩቅ አገርም ዕርዳታ ጎርፎላታል። የእኔ ትኩረት በገንዘቡ ላይ አይደለም። ቀናቱን የሰረዙት ሰዎች በዚያው ሳምንት የመክፈቻውን ቀን መቁረጣቸው ነው። ምሕረትና ቀጠሮ አብረው ታወጁ።

ካትሪና፦ የተበተኑት የተሻሉበት እንቆቅልሽ

ከጆፕሊን ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2005 (እ.ኤ.አ.)፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ መታ። የውኃ መከላከያ ግድቦቹ ተደርምሰው የኒው ኦርሊየንስ ሰማንያ ከመቶ ያህል በጎርፍ ተዋጠ። በአካባቢው ክፍለ ግዛቶች ከ370 ሺህ በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ተፈናቀሉ። በኒው ኦርሊየንስ ራሷ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘጉ። በዚያ ዓመት ስለ ጎደሉ ቀናት ማውራት ትርጉም አልነበረውም፤ የጎደለው ከተማው ነበርና።

ፖለቲካውን ባጭሩ ልለፈው። ገና ውኃው ሳይደርቅ፣ በኅዳር ወር፣ የሉዊዚያና ሕግ አውጪዎች ከመቶ በላይ የሆኑትን የከተማይቱን ትምህርት ቤቶች ከአካባቢው ቦርድ ነጥቀው ለክፍለ ግዛቱ አስረከቡ። ከሰባት ሺህ በላይ መምህራንና ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ቀናቱ ምሕረት ሲያገኙ መምህራኑ ምሕረት አላገኙም።

ለክርክራችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የተፈናቀሉት ልጆች ዕጣ ነው። ብሩስ ሳሰርዶት የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እነዚህን ልጆች በፈተና ውጤታቸው ለዓመታት ተከታተላቸው። በመጀመሪያው ዓመት እንደሚጠበቀው ውጤታቸው ወረደ። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ግን ያጡትን መልሰው፣ አንዳንዶቹም ቀድሞ ከነበሩበት አልፈው ተገኙ። ቤታቸውን ያጡ፣ ቀናት የጎደሉባቸው፣ በባዕድ ከተማ የተጣሉ ልጆች ናቸው። ምሥጢሩ ብዙ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሂዩስተንን በመሳሰሉ ከተሞች ከቀድሞው የተሻለ ትምህርት ቤት ተቀበላቸው። ከዚህ የምንረዳው የጎደለ ቀን በራሱ የልጅን ዕድል እንደማይዘጋ ነው። ወሳኙ ልጁ ሲመለስ ምን ጠበቀው የሚለው ነው።

ካሽሚር፦ 14 ሳምንት እንዴት ዓመት ተኩል ሆነ?

በዚያው በ2005 (እ.ኤ.አ.)፣ ካትሪና በመታች በስድስተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት 8 ቀን ጠዋት፣ ፓኪስታን በምታስተዳድረው ካሽሚርና በአጎራባቹ ሰሜናዊ ፓኪስታን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከ73 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ልጆች ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ከሟቾቹም በሺዎች የሚቆጠሩት ትምህርት ቤት የተደረመሰባቸው ሕፃናት ናቸው። የተረፉት ትምህርት ቤቶች በአማካይ ለ14 ሳምንት ያህል ተዘጉ።

ከአራት ዓመት በኋላ ታሒር አንድራቢ፣ ቤንጃሚን ዳንኤልስና ጂሽኑ ዳስ የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ አካባቢው ተመለሱ። ያገኙት የመጀመሪያ ውጤት የሚያስደስት ነበር፤ ዕርዳታው ሠርቷል። ለመሬት ስንጥቁ ቅርብ የሆኑት ቤተሰቦች በኑሯቸው ራቅ ካሉት እምብዛም አያንሱም። ቤቶች ተሠርተዋል፤ ልጆችም እንደ ማንኛውም ልጅ በትምህርት ቤት ተመዝግበዋል። ልጆቹን ሲፈትኗቸው ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። ለስንጥቁ ቅርብ የሆኑት ልጆች ከሌሎቹ ቢያንስ በአንድ ዓመት ተኩል ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተዋል።

የተዘጋው 14 ሳምንት ነው፤ የጠፋው ግን ከዓመት በላይ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በእኔ አረዳድ መልሱ ልጁ ሲመለስ በጠበቀው ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ መጽሐፉን ካቆመበት ሳይሆን የትምህርት ዘመኑ ካዘዘው ገጽ ጀመረ። ልጁ ማባዛትን ሳይጨርስ ማካፈል መጣበት፤ ማካፈሉን ሳይረዳው ክፍልፋይ ተከተለው። ዐዋጁ ያለፈውን ቀን ማረ እንጂ የሚመጣውን ገጽ አላዘገየም። ያልተከፈለ ዕዳ ወለድ እንደሚወልድ ሁሉ ያልተሞላ ምዕራፍም ከዓመት ዓመት ሌላ ያልተሞላ ምዕራፍ ይወልዳል።

በጥናቱ ውስጥ እጅግ የነካኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ጉድለቱ ያልታየባቸው ልጆች ነበሩ። እነርሱም እናቶቻቸው ቢያንስ አንደኛ ደረጃን የተማሩ ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሲፈርስ እናትየዋ ቆማ ነበር።

እኛና የ45 ቀኑ ማካካሻ

ወደ አገራችን እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። መዝጋቱ ስሕተት ነበር አልልም፤ በዚያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ያደረገው ነው። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም የቤት ሥራ ላኩ፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም ትምህርት ተሰራጨ። ሬዲዮ የሌለው፣ ስልክ የሌለው፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ግን የሚላክለት ነገር አልነበረም።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች በቀር ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ፣ ላመለጣቸውም የ45 ቀን የማካካሻ ትምህርት እንዲሰጣቸው ተወሰነ። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ በወረቀት ደረጃ ከብዙ አገሮች የተሻለ ነው። አፈጻጸሙን ግን ያንኑ ተማሪዬን ጠየቅሁት። «አስተማሪያችን ለሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ አስጻፉን፤ ከዚያ ስምንተኛ ክፍልን ጀመርን» አለኝ። የእርሱ ምስክርነት የአንድ ክፍል ነው፤ በደንብ የተሠራበት ቦታ እንደሚኖር አልጠራጠርም። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ምን እንደጎደለው ማንም ሳይጠይቀው ማለፉ ነው። ማካካሻውም በቀን ተለካ፤ እንደገና መዝገቡን ሞላን።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካስፈተንናቸው ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ። አገር ደነገጠ። የዚህ ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ኩረጃን ለመከላከል የፈተናው አሰጣጥ ተለውጧል፤ ጦርነት ነበር፤ የትምህርቱ ጥራትም ከወረርሽኙ በፊት የታመመ ነው። ስለዚህ ሁሉን በኮሮና ላይ መለጠፍ አይገባም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የተፈተነው ትውልድ በ2012 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንደነበር መዘንጋትም አይገባም። በመዝገባችን ላይ ዘጠነኛ ክፍልን አጠናቋል።

ዐዋጅ የሌለው አደጋ

እስከ አሁን የተናገርኩት ድንገት ስለሚደርስ አደጋ ነው። እንዲህ ያለው ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። ዋናው የአገራችን አደጋ ግን ድርቅ ነው፤ ድርቅ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ቶርኔዶ ሰዓት አለው፤ መሬት መንቀጥቀጥ ቀን አለው። ድርቅ መቼ ገባ ይባላል?

ድርቅ ትምህርት ቤቱን አያፈርስም። በሩ ክፍት ነው፤ መምህሩ አለ፤ ደወሉም ይደወላል። የሚጎድለው ልጁ ነው። መጀመሪያ ውኃ ለመቅዳት አንድ ቀን ይቀራል፤ ከዚያ ከብቶቹን ተከትሎ ሳምንት ይሄዳል፤ በመጨረሻ አይመለስም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ በነበረበት ጊዜ፣ ብዙ ልጆችን በክፍል ያቆየው የትምህርት ቀን ምሕረት ሳይሆን በትምህርት ቤት የሚሰጥ ምግብ ነበር። ከዚያ በኋላ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የከብቱ ማለቅ ብዙ ተነገረ፤ በትክክልም ተነገረ። ከከብቱ ጋር ስለጠፋው የትምህርት ዓመት ግን ማን ተናገረ?

ለዚህ ልጅ የቀን ምሕረት አልታወጀለትም፤ ማወጅ የሚቻልበት ቀን አልነበረምና። በመዝገቡ ትምህርት ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አስተምሯል። እንደገና 132 እና 78! ጆፕሊን ቀናቷ መጥፋታቸውን ታውቅ ስለነበር ሰረዘቻቸው። እኛ ግን ያልቆጠርነውን ቀን መሰረዝም ማካካስም አንችልም።

ምን ይደረግ?

«ድሃ አገር ነን፤ ይህን ሁሉ ከየት እናምጣው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እኔም የጆፕሊንን የገበያ ማዕከል አልጠየቅሁም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀን በተማረ ቁጥር የመመለሻው ቀን አብሮ ይታወጅ። ሁለተኛ፣ ልጁ ሲመለስ ገጹ ከመገለጡ በፊት የሚያውቀውና የማያውቀው ይጠየቅ፤ መምህሩም ካለበት እንዲጀምር ፈቃድ ይሰጠው። ይህ አንድ ወረቀትና ጥቂት ሐቀኝነት እንጂ ብድር አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ ከተከፈተው በር ይልቅ የተገኘው ልጅ ይቆጠር።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የካሽሚር እናቶች አሉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዩኔስኮ የተሸለመ ነበር። የዘመኑን መንግሥት ግፍ ሳልረሳ እላለሁ፤ በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ሴት ምናልባት ዛሬ አያት ናት፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜም የልጅ ልጇን ደብተር ገልጣ ማየት ትችላለች። ዛሬ ከአምስተኛ ክፍል የምትወጣው ልጃገረድ የነገው አደጋ ሲመጣ ለልጆቿ የምትቆም ናት። ለአደጋ መዘጋጀት የሚጀምረው እርሷን ከክፍል ባለማስወጣት ነው።

ያን ዕለት ሳቁ ሲበርድ የዕለቱን ርዕስ አቆምኩና ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ መቶኛ አስተማርኩ። ሥራዬ አልነበረም፤ የሰባተኛ ክፍል መምህር ሥራ ነበር። ያ ተማሪ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ 78ን ለ132 አካፈለ፤ 59 ከመቶ ብሎ ጻፈና ዘወር ብሎ አየኝ። «ይኸው ነው እንዴ መምህር?» አለ። አዎን፣ ይኸው ነበር። ከስድስት ዓመት በላይ የሚያስጠብቅ ነገር አልነበረም።

ቸር እንሰንብት።